የአባቴ «ቀ» ከየት ይጀምራል?

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወደ ምድር ቤት ወርጄ የማበራው አንድ አሮጌ ማሽን አለኝ። ኤችፒ 7475ኤ ይባላል፤ ሂውሌት-ፓካርድ በ1983 ለገበያ ያወጣው፣ ስድስት ብዕር የሚይዝ ፕሎተር ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መልኩ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ ሥራውም አንድ ብቻ ነው፤ ብዕር ይዞ ወረቀት ላይ መስመር ያሰምራል። ወረቀቱን አጉርሼ ትዕዛዝ ስልክለት ከጎኑ ካለው ክብ ማስቀመጫ አንዱን ብዕር ይመዝዝና ሥራውን ይጀምራል። ብዕሩ የሚሄደው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለሰው ወረቀቱ ራሱ ነው። ክብ ሲሠራ አንደኛው ሞተር ሲፈጥን ሌላኛው እየዘገየ ድምፃቸው ይቀባበላል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ባዳምጥ እንኳ ክብ እየሠራ ይሁን ቀጥ ያለ መስመር እያወጣ ለይቼ አውቃለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ «ፕሎተር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሌላ ዕቃ ነው። የሕንፃ ፕላን በትልልቅ ወረቀት የሚያትመውን ቀለም ረጪ ፕሪንተር ፕሎተር እንለዋለን፤ ስቲከር የሚቆርጡ የማስታወቂያ ቤቶችም ምላጭ የያዘውን መቁረጫቸውን እንደዚሁ ይጠሩታል። ስሙ ግን የባለ ብዕሩ ነበር። ሂውሌት-ፓካርድ በ1991 ዲዛይንጄት የተባለውን ቀለም ረጪ ማተሚያ ካወጣ በኋላ ባለ ብዕሮቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከቢሮዎች ወጡ፤ ስማቸው ተተኪያቸው ላይ ቀረ። ልዩነታቸው የፍጥነት ብቻ አይደለም። ፕሪንተር ሥዕልን የሚያውቀው በነጥብ ነው፤ ከላይ ተነሥቶ ረድፍ በረድፍ እየወረደ፣ እዚህ ቀለም አለ፣ እዚህ የለም እያለ ይሞላል፤ አንድ መስመር ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ፕሎተር ግን ብዕሩን የት አሳርፎ፣ በየት በኩል አልፎ፣ የት እንደሚያነሣ ካልተነገረው አንዲት ጭረት አያወጣም።

እጄ ለመስመር እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ሳለሁ በድራፍትስማንነት እንጀራ በልቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ትሬሲንግ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብዬ በቲ-ስኩዌር ማስመሪያና ራፒዶግራፍ በሚባል የቀለም ብዕር የሰው ሕንፃ ሳሰምር እውል ነበር። የሚያስቸግረው ቀጥ ያለ መስመር ማውጣት አልነበረም፤ ማስመሪያው ቀጥ ያደርገዋል። የሚያስቸግረው ቅደም ተከተሉ ነበር። ከላይና ከግራ ያልጀመረ ሰው እጅጌው እርጥቡን ቀለም ይጎትትበታል፤ ወፍራሙን ከቀጭኑ ያስቀደመ እስኪደርቅለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ብዕሩን መነሻው ላይ ለአፍታ ሳያቆም የሳበ የመስመሩ ራስ ይሾልበታል፤ ጥግ ላይ የሚገናኙት መስመሮችም ሳይዘጉ ይቀራሉ። የተሳሳተ በምላጭ ይፍቃል፤ የተፋቀው ቦታ ስለሚሻክር በጥፍር ካልለሰለሰ በቀር ቀለሙ እየሸሸ ይበላሻል። ፕላኑን የሚቀበለው ሰው ከዚህ አንዱንም አያይም። ሥራው ሲያልቅ መስመሮቹ ሁሉ በአንድ ቅጽበት የተፈጠሩ ይመስላሉ።

ማሽኑን ያገኘሁት እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ዕቃውን አራግፎ ሊዘጋ ከነበረ አነስተኛ የመሐንዲሶች ቢሮ፣ በ60 ዶላር ነው። ብዕሮቹ ሁሉ ደርቀው ነበር፤ ጫፋቸው ቀለም እንዲይዝ የሚከድኑት ትንንሽ የጎማ ክዳኖችም ዕድሜ አጠንክሯቸው ተሰነጣጥቀው ነበር። ተመሳሳይ ማሽን የሚያጋጥመው ሰው ካለ አስቀድሞ እነዚህን ክዳኖች ይመልከት፤ ሞተሩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የሚያልቀው ጎማው ነው። የጥንቱ ብዕር ዛሬ እንደ ልብ ስለማይገኝ በ3ዲ ፕሪንተር የታተመ ትንሽ የፕላስቲክ እጅጌ አድርጌ ፋይን ላይነር የሚባለውን ተራ ቀጭን ብዕር እሰካበታለሁ።

ከኮምፒውተር ጋር ማስማማቱ ግን አንድ ወር ሙሉ ፈጅቶብኛል። ማሽኑ የሚያውቀው ባለ 25 ጥርሱን የሲሪያል ገመድ ነው፤ ከዛሬ ኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ መለወጫ ይገናኛል። እኔ ሦስት ሽቦ ብቻ አገናኝቼ፣ መላኪያ፣ መቀበያና የጋራ መሬት ይበቃሉ ብዬ አስቤ ነበር። ትንሽ ሥዕል ስልክለት ያለ ችግር ይሠራል። ረዘም ያለ ስልክለት ግን ሥራው ሲጋመስ አብዶ፣ ከወረቀቱ አንድ ጥግ ወደ ሌላው ረጅም ሰያፍ መስመር ጭሮ ሥዕሉን ያበላሸዋል፤ የስሕተት መብራቱም ይበራል። አንዱ ወረቀት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በዚህ ዓይነት ሲበላሽብኝ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ አዘንኩ። ኋላ ነው ምክንያቱ የገባኝ። ማሽኑ የሚመጣለትን ትዕዛዝ የሚያቆይበት ማኅደር 1,024 ባይት ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በሰከንድ እስከ 960 ቁምፊ ይልካል። ብዕሩ አንዷን ረጅም መስመር ሳይጨርስ ማኅደሩ ይሞላል፤ የተረፈው ይፈስሳል። ከቁጥር መካከል ሁለት አኃዝ ሲጠፋ 4,000 የነበረው 40 ይሆናል፤ ብዕሩም ታማኝ ነውና ወደ ተባለው ቦታ ይሮጣል። መፍትሔው 20ኛዋ ጥርስ ናት፤ በእሷ በኩል ማሽኑ «ቆየኝ፣ ሞልቻለሁ» ይላል። አራተኛውን ሽቦ ከበየድኩ ወዲህ ያ ሰያፍ መስመር ተመልሶ አልመጣም።

የሚነጋገርበት ቋንቋ ኤችፒ-ጂኤል ይባላል፤ ስቲከር ቆራጮቹ ዛሬም በእሱ ወይም በዘሮቹ ይሠራሉ። ስለ ቀላልነቱ እወደዋለሁ። ትዕዛዙ ሁለት ሁለት ፊደል ነው፤ ኤስፒ ብሎ ቁጥር ሲከተል ያንን ብዕር አንሣ፣ ፒዩ ብዕሩን ከወረቀቱ አንሣ፣ ፒዲ አሳርፍ፣ ፒኤ ወደዚህ ቦታ ሂድ ማለት ነው። ቦታው የሚለካው በሚሊሜትር አንድ አርባኛ ስለሆነ ዐሥር ሴንቲሜትር 4,000 ይሆናል። ሙሉ ሥዕሉ የአራት ነገር ድግግሞሽ ነው፤ አንሣ፣ ሂድ፣ አሳርፍ፣ ሂድ። በሰከንድ እስከ 38 ሴንቲሜትር መሮጥ ይችላል፤ እኔ ግን ከ10 አላሳልፈውም፤ ቀስ ሲል ቀለሙ ይጠግባል።

ትክክለኛነቱ ከየት እንደሚመጣ ያወቅሁት ወረቀቱን ወደ መብራት አስጠግቼ ሳየው ነው። ወረቀቱን የሚነዱት ሁለት ትንንሽ መንኮራኩሮች ፊታቸው እንደ አሸዋ ወረቀት ሻካራ ነው። መጀመሪያ ሲያልፉ በወረቀቱ ዳርና ዳር በዓይን የማይታዩ ያህል ደቃቅ ጉድጓዶች ያትማሉ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ መቶ ጊዜ ቢመላለስ ሻካራዎቹ ጥርሶች የራሳቸውን ጉድጓድ እያገኙ ይገጥማሉ። ወረቀቱ የራሱን መንገድ ያስታውሳል። በጥቁር የተጀመረ ሥዕል ላይ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀዩ ብዕር ሲመጣ ከጥቁሩ ጫፍ ላይ ፀጉር ሳያጎድል የሚያርፈው ለዚህ ነው።

ለዚህ ማሽን መጀመሪያ የሰጠሁት እውነተኛ ሥራ ሐረግ ነበር። በብራና መጻሕፍታችን ራስጌ ላይ የሚሣለውን፣ በተለይ የጉንዳጉንዴ ገዳም ብራናዎች የታወቁበትን ያንን የተጠላለፈ ጌጥ በፎቶ እያየሁ፣ ይህ መስመር ብቻ እኮ ነው አልኩ። ጸሐፊውም ሁለት ብርዕ ይዞ፣ አንዱን ከጥቁር፣ አንዱን ከቀይ ቀለም እየነከረ ነው የሚሠራው፤ ማሽኔም ከማስቀመጫው አንደኛውንና ሁለተኛውን እየለዋወጠ ይሠራል።

የሐረግ ምስጢሩ አንዱ ክር በሌላው ላይና ሥር ማለፉ ነው። ሹሩባ የምትሠራ እጅ ይህን ሳታስብ ታደርገዋለች። ኮምፒውተሩ ግን ክሮቹ የሚቋረጡበትን እያንዳንዱን ቦታ በስሌት ማግኘት፣ እዚያ ላይ ማን ከላይ ማን ከታች እንደሆነ መወሰን፣ የታችኛውንም ክር ከመገናኛው ግራና ቀኝ ትንሽ መቁረጥ አለበት። እኔ ግራና ቀኙን ስድስት አሥረኛ ሚሊሜትር ሰጠሁት። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ የሚያምር ነገር ተማርኩ። ማንኛውም ራሱን እያቋረጠ ሄዶ መነሻው ላይ የሚዘጋ መስመር፣ በክሩ ላይ እየተጓዝን አንዱን መገናኛ በላይ፣ ቀጣዩን በታች እያልን ብናስኬደው፣ የትም ሳይጋጭ ተስማምቶ ይዘጋል። የሒሳብ ሰዎች ያረጋገጡት ነገር ነው። ብርዕ ይዞ ብራና ላይ የተቀመጠው ሰው ግን ይህን በእጁ ያውቀው ነበር፤ ባያውቀውማ የመጨረሻው መገናኛ ላይ ሲደርስ ሐረጉ በተፋለሰበት።

የመጀመሪያው ሐረግ ከአርባ ደቂቃ በላይ ወሰደ። አብዛኛው ጊዜ የጠፋው ብዕሩ ተነሥቶ በባዶ ሲመላለስ ነው፤ እዚህ አንዲት ቁራጭ ይሠራና ወደ ወዲያኛው ጫፍ ይሄዳል፣ ሌላዋን ሠርቶ ይመለሳል። ለዚህ ቪፓይፕ የሚባል በፓይተን የተጻፈ ነፃ መሣሪያ አለ፤ ቁራጮቹን በቅርበታቸው ይደረድራል፣ ጫፋቸው የሚገናኘውን ያቀጣጥላል፣ መንገድ ያሳጥራል ብሎ ካገኘውም መስመሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይገለብጠዋል። ያንኑ ሐረግ በእሱ አሳልፌ ስልክ ከሃያ ደቂቃ በታች ሆነ። ወረቀት ላይ ያለው ውጤት አንድ ነው። መስመር መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ለሐረግ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ ለውጥ አያመጣም ብዬ ያኔ አሰብኩ፤ ለሐረግ አሁንም እንደዚያው አስባለሁ።

ፊደል ላይ ስደርስ ነው ነገሩ የተለወጠው። ከሐረጉ ሥር አንድ ቃል፣ «ሰላም» የሚል ብቻ፣ ላጽፍ ፈለግሁ። ማሽኑ በሆዱ የያዘው የላቲን ፊደል ነው፤ ግዕዙን አያውቅም። ኮምፒውተር ላይ ያሉት የአማርኛ ፊደሎች ደግሞ ለፕሎተር አይሆኑም። የዛሬ ፎንት የፊደሉን ጠርዝ እንጂ አጥንቱን አይዝም፤ እያንዳንዱ እግር ግራ ጠርዝና ቀኝ ጠርዝ አለው፤ ፕሎተሩም ሁለቱን ጠርዝ ለየብቻ ያሰምርና መካከሉን ባዶ ይተወዋል። የወጣልኝ «ሰላም» ውስጡ ሸምበቆ ይመስል ክፍት ነበር። ሰው እንዲህ አይጽፍም። እስክሪብቶ ይዞ የሚጽፍ ሰው አጥንቱን ነው የሚጽፈው።

ላቲኑ ይህን ችግር ከብዙ ጊዜ በፊት ተገላግሎታል። አለን ሄርሺ የተባለ የባሕር ኃይል ተመራማሪ፣ ከምኖርበት ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወደ ደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ በምትርቀው በዳልግረን፣ በ1967 ፊደሎችን ሁሉ በነጠላ መስመር፣ በተቆጠሩ ነጥቦች ብቻ አስፍሮ አሳተመ። ላቲኑን፣ ግሪኩን፣ የሩሲያውን፣ ከጃፓንኛውም ብዙ ምልክቶችን ሠራ። ብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ በፕሎተር ሲጽፉ በእሱ ፊደል ነው። የእኛን አልሠራም። ፊደላችን ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት ወደሚለዩበት ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 መሆኑን ሳስብ በ1967 መቅረቱ አይደንቀኝም፤ ሥራው ለእኛው የተተወ ነው።

ስለዚህ ጀመርኩት። ሠላሳ ሦስቱን በሰባት ማባዛት 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳይጨምር። መጀመሪያ ያሰብኩት ግዕዙን ብቻ ሥዬ ቀሪውን በአንድ ደንብ ማውጣት ነበር፤ ለካዕብ በወገቡ በስተቀኝ አጭር ጭረት፣ ለሣልስ በእግሩ ሥር፣ ለኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት። «ለ»ም «በ»ም «ሰ»ም ታዘዙልኝ። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ የተባሉትም ከሰ፣ ከተ፣ ከነ፣ ከዘና ከደ ላይ አንድ አግዳሚ በመጨመር ወጡ። «ረ» እና «ፈ» ግን ካዕባቸውን በራሳቸው መንገድ ነው የሚሠሩት። ሳድሱ ደግሞ ፈጽሞ አልታዘዝ አለ። «ል» እግሩን ያጥፋል፣ «ም» ጅራት ያወርዳል፣ «ስ» ራሱ ላይ ይሰበራል፣ «ብ» ወገቡ ላይ ይወጣል፤ ከመካከላቸው ሁለት የሚመሳሰሉ ማግኘት ያስቸግራል። ሠላሳ ሦስቱንም ሳድስ አንድ በአንድ በእጄ ሣልኋቸው። አማርኛ ደግሞ በሳድስ የተሞላ ቋንቋ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ማየት ብቻ ይበቃል።

እያንዳንዱን ፊደል ስሠራ ማሽኑ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ ብዕሩን የት ላሳርፍ? «በ» አንድ ትንፋሽ ነው፤ በግራ እግሩ ተነሥቶ፣ ጣሪያውን ዞሮ፣ በቀኝ እግሩ ይወርዳል። «ጠ» ቢያንስ አንድ ጊዜ መነሣት ይፈልጋል። «ቀ» ክብና በትር ነው፤ የትኛው ይቀድማል? ለሁሉም መልስ ነበረኝ፤ እጄ እንደለመደው አደረግሁ። መልሱ ያለቀለት መስሎኝ ነበር።

የፊደሌ ቅርጽ ግን አላማረኝም። ንጹሕ ነው፣ ግን የማንም አይደለም። ያኔ ነው የአባቴን ደብዳቤዎች ያወጣኋቸው። አባቴ ደሴ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው አቤቱታና የችሎት መዝገብ ሲገለብጥ የኖረ እጅ ነበረው። ወደዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ የላከልኝ ዐሥራ አንድ ደብዳቤዎች አሉኝ፤ ሁሉም መስመር ባለው ወረቀት ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ቃል ይጀምራሉ፤ «ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ ካንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ይህ ድግግሞሽ ለሥራዬ ሲሳይ ሆነልኝ። አንዱን ቃል ዐሥራ አንድ ጊዜ ጽፎልኛል፤ ስለዚህ የ«ቀ» ክቡ መቼ እንደሚሰፋ፣ «ም» ጅራቷን መቼ እንደምታስረዝም፣ በየትኛው ዓመት እጁ መንቀጥቀጥ እንደ ጀመረ ጎን ለጎን አድርጌ ማየት ቻልሁ። ደብዳቤዎቹን ስካን አድርጌ፣ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ነጥብ በነጥብ እየሄድኩ አጥንቱን አወጣሁ፤ ለአንድ ፊደል ከዐሥር እስከ ሠላሳ ነጥብ ይፈጃል። ለተዘወተሩት ፊደሎች ሦስት ሦስት መልክ ያዝኩ፤ ፕሮግራሙ ከሦስቱ አንዱን በዕጣ ይመርጣል፤ ሰው አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጽፍምና። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ያልተገኙ ፊደሎች ነበሩ። «ዠ»ን ከ«ዘ» እና ከ«ሸ» አግዳሚ አገጣጠምኩት። «ጳ»ን ያገኘሁት አንደኛው ደብዳቤ በጳጉሜ የተጻፈ ስለነበረ ነው።

በዚህ መንገድ የሄድኩ የመጀመሪያው አይደለሁም። በ1924 ቡዳፔስት ተወልዳ በፓሪስ የኖረችውና በ2023 መጨረሻ ያረፈችው ቬራ ሞልናር ከ1968 ጀምሮ በኮምፒውተርና በፕሎተር ስትሥል ኖራለች፤ ከሥራዎቿ ሁሉ አስበልጬ የምወደው የእናቷን የእጅ ጽሕፈት የመሰለችበትን ነው። የሚነበብ ፊደል የለውም። ረድፉ በስተግራ ሥርዓት ይዞ ይጀምርና ወደ ቀኝ ሲሄድ እየታወከ፣ እየተንቀጠቀጠ ያልቃል፤ የእናቷ እጅ እንዲያ ነበርና። እኔ ፊደሉን ስፈልግ እሷ ትንፋሹን ነው የፈለገችው።

ሌላም ታሪክ አለ፤ ከዚህ ሥራ ጋር ሁልጊዜ አብሮኝ የሚኖር። በየካቲት 1965 ጌዮርግ ኔስ የተባለ ጀርመናዊ የሒሳብ ሰው የኮምፒውተር ፈር ቀዳጁ ኮንራድ ዙዘ በሠራው ግራፎማት በሚባል ፕሎተር ያወጣቸውን ሥዕሎች ሽቱትጋርት ከተማ ውስጥ ለሕዝብ አሳየ። ሠዓሊዎች ተቆጡ። የዘመኑ ባልደረባው ፍሪደር ናኬ እንደሚተርከው፣ ከሠዓሊዎቹ አንዱ ተነሥቶ ማሽንህ እኔ የምሥልበትን አኳኋን ይችለዋል ወይ ብሎ ጠየቀው። ኔስም ይችላል አለው፤ ግን እንዴት እንደምትሥል አንተው አስቀድመህ በትክክል ንገረኝ። ብዙዎች ይህን እንደ ማሸነፊያ መልስ ይተርኩታል። እኔ የማየው እንደ ከባድ ጥያቄ ነው። ሠዓሊው መልሱን የሚያውቀው እጁ ነው፤ እጅ ደግሞ አይናገርም።

ሥራው ሲያልቅ የደብዳቤዎቹን መክፈቻ በአባቴ ፊደል አጻፍኩት። ሰማያዊ ብዕር ሰካሁ፣ ፍጥነቱን ቀነስኩ። «ከሁሉ አስቀድሜ» የሚለው ሲወጣ በትንሹም ቢሆን ወደ ላይ እየወጣ የሚሄደው የረድፉ ዝንባሌ ሳይቀር የእሱ ነበር። በስልኬ ቀርጬ ደሴ ላለችው ታላቅ እህቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። ለአፍታ አልተናገረችም፤ አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማኛል።

«የአባባ እጅ ነው» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ግን አባባ እንዲህ አይጽፍም» አለችኝ።

«ምኑ ነው ያልመሰለው፣ እትዬ?»

«መልኩማ ራሱ ነው። አጻጻፉ ነው እንጂ። ማሽንህ ‹ቀ›ን ከክቡ ነው የጀመረው። አባባ በትሩን አስቀድሞ አቁሞ ነው ክቡን የሚያዞርበት። እኔንም ሲያስተምረኝ እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ ምሰሶውን ትከዪ፣ ቤቱ ኋላ ይደርሳል ይለኝ ነበር።»

እህቴን ፊደል ያስቆጠራት አባቴ ነው። እኔ ስደርስ እሱ ለሥራ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ስለነበረ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ ከክቡ ነው ያስጀመሩን። ዐሥራ አንዱን ደብዳቤ በማጉያ መነጽር ስመረምር ከርሜ ይህን አላየሁም፤ ሊታይም አይችልም። ወረቀቱ የያዘው መልኩን ነው፤ የቱ እንደ ቀደመ አልያዘም። ማሽኑ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ ሳላስተውል የራሴን እጅ መለስኩለት፤ የአባቴን መልክ በትምህርት ቤት ቅደም ተከተል አጻፍኩት።

የዚያኑ ዕለት ማታ ፋይሉን ከፍቼ በ«ቀ» ሥር ያሉትን ሁለት መስመሮች አቀያየርኳቸው። ቪፓይፕ መንገድ ላሳጥር ብሎ እንዳይገለብጣቸውም ከጽሑፉ አስወጣሁት፤ ለሐረግ ብቻ ተውኩት። መልሼ አጻፍኩና ሁለቱን ወረቀቶች ደራርቤ ወደ መብራት ያዝኳቸው። መስመር ለመስመር ይገጥማሉ። አንድ ነገር ብቻ ይለያል። ይህ ብዕር ወረቀት ላይ ሲያርፍ፣ መሄድ ከመጀመሩ በፊት፣ ለቅጽበት ስለሚቆም ከመርፌ ራስ የምታንስ ጠቆር ያለች ነጥብ ይተዋል፤ ጉዞው የጀመረበትን ያመለክታል። በፊተኛው ወረቀት ላይ የምትጠቁረው የክቡ መነሻ ነበረች፤ በኋለኛው ግን ከበትሩ ራስ ላይ ተቀምጣለች።

አሁን እሑድ እሑድ ለእህቴ እደውላለሁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ፊደሉን በተራ እጠራላታለሁ፤ እሷ እዚያ እስክሪብቶ ይዛ አባባ እንዳስተማራት ትጽፈዋለች፣ ምን እንደ ቀደመ ትነግረኛለች፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ጊዜ ጽፋ ካልሆነ አታስታውሰውም። ባለፈው እሑድ «ጠ» ላይ ደረስን። መካከለኛው እግር የመጨረሻ ነው።